የትኛው ደሴት? ጣና ላይ ከመሳፈራችሁ በፊት

ጣናነሽ ባሕር ዳር ከገባች ወዲህ ስልኬ አላረፈም። ያቺ ትልቅ ጀልባ ከጂቡቲ ወደብ ተነሥታ፣ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና፣ ሽቅብ ቁልቁለቱን በየብስ ስትመጣ አገር ምድሩ ቪዲዮዋን አይቷል። ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ። "ጣና ላይ ክሩዝ ተጀመረ አሉ፤ እውነት ነው?" "ለሁለት ቀን ስንት ያስከፍላሉ?" የአጎቴ ልጅማ ከአዲስ አበባ ደውላ "ደሴቶቹን በሙሉ የሚያዞር ፓኬጅ ካለ ለስድስት ሰው ያዝልኝ" አለችኝ።

በሙሉ! ጣና ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ ነው የሚባለው። ሃያ ገደማ የሚሆኑት ላይ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት አሉ። በሙሉ ለማዳረስ ሱባኤ መግባት ሳይሻል አይቀርም።

ሰው ደሴት የሚመርጠው በዝና ነው። "ታዋቂው የቱ ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ እዚያ ውሰዱኝ ይላል። እኔ ባሕር ዳር ሆኜ እንግዳ ስቀበል ስሸኝ የገባኝ ነገር ሌላ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ጀልባው ውስጥ ማን ማን እንደሚቀመጥ ነው። ደሴቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ክሩዝ ሲባል ምን ማለት ነው? ጣና ላይስ አለ?

ክሩዝ መርከብ ላይ እያደሩ የሚደረግ ሽርሽር ነው። መርከቧ ሆቴልም መጓጓዣም ናት። መኝታው፣ ምግብ ቤቱ፣ መዋኛው ሁሉ ውስጧ ነው። እንደ ካሪቢያን ባሉ ባሕሮች ብዙውን ጊዜ የምትጓዘው ሌሊት ነው። ተጓዡ ተኝቶ ሲነሣ ራሱን ሌላ ደሴት ወደብ ላይ ያገኘዋል። ቀን ወርዶ ሲዞር ይውላል፣ ማታ ይመለሳል። በሰዓቱ ካልተመለሰ ጥላው ትሄዳለች። ቀልድ አይደለም።

ጣና ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሚታደረው ከተማ ነው፤ ውኃ ላይ የሚኬደው ቀን ነው። የተለመደችው ጀልባ ጣሪያ አላት፣ ከኋላ ሞተር ተገጥሞላታል፣ ግራና ቀኝ መቀመጫ አላት። አሥር ሰው የምትይዝም ሃያ የምትይዝም አለች። አብዛኞቹ ሽንት ቤት የላቸውም። ይህን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም፤ እኔ ነግሬያችኋለሁ። ደግነቱ ጀልባ ነጂው ጥሏችሁ አይሄድም። ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ይጠብቃችኋል።

እንደ ጣናነሽ ያለች ትልቅ ጀልባ ስትመጣ ምቾቱ ይጨምራል፣ ሰውም በብዛት ይሄዳል። ደሴቶቹ ግን ያው ባሉበት ናቸው። የገዳማቱ ሥርዓትም ያው ነው። ስለዚህ በየትኛዋም ብትሳፈሩ ከጥያቄዎቹ አታመልጡም። ማን ይገባል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ደርሰንስ ምን እናያለን?

ዘጌ ደሴት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው ግን ነው ብሎ ነው የሚመጣው። ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ዙሪያው ውኃ ሆኖ አንዱ ጎኑ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ውኃ ውስጥ ብታስገቡት ልክ እንደዚያ ነው። በመኪናም ይደረሳል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከመካከላችሁ ጀልባ የሚፈራ ሰው ካለ በመኪና ዞሮ እዚያው ይጠብቃችኋል።

ሌላው የሚምታታው ደብርና ገዳም ነው። ደብር የአካባቢው ምእመን የሚያስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ገዳም ግን መነኮሳት የሚኖሩበት ነው። ይጸልያሉ፣ ይሠራሉ፣ ይበላሉ፣ ሲያርፉም እዚያው ይቀበራሉ። ስለዚህ ገዳም ስትገቡ የሰው ቤት ነው የገባችሁት። የቤቱን ሕግ የሚያወጣው ደግሞ ባለቤቱ ነው።

ሴቶች የማይገቡበት የቱ ነው? ለምን?

ከሚታወቁት መካከል ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴቶች ዝግ ናቸው።

እኔ ይህን የተማርኩት እናቴን አሳዝኜ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴና አክስቴ ከደሴ መጡ። ጉዞውን የያዘልን ሰው "ክብራን ቅርብ ነው፣ ታሪካዊም ነው" አለን። እሺ አልን። እናቴ ነጭ ለበሰች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ጧፍ ገዝታ በጋዜጣ ጠቀለለች። ገና አልነጋም ነበር ያን ሁሉ ስታደርግ።

ደረስን። የጀልባዋ አፍንጫ ድንጋዩን ነካ። አንድ አባት ከላይ ወረዱና በትሕትና "እናቶች እዚህ ይቆያሉ" አሉ። እናቴ ምንም አልተናገረችም። ጧፉን ለወንድሜ ሰጠችው። ሽቅብ እየወጣን ዞር ብዬ ሳይ ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መልሳለች። ከዛፉ በቀር የሚታያት ነገር አልነበረም። አክስቴ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። "ከደሴ ድረስ የመጣነው ወፍ ልንቆጥር ነው?" ስትል ከኋላዬ ሰማኋት።

ሥርዓቱ ለምን መጣ? መነኩሴ ዓለምን ትቶ፣ ትዳርና ቤተሰብ ትቶ በንጽሕና ለመኖር ቃል የገባ ሰው ነው። የወንዶች ገዳም አለ፣ የሴቶች አለ፣ ሁለቱም የሚኖሩበት አለ። አንዳንዱ የወንዶች ገዳም ያን ቃል ለመጠበቅ ሴት ቅጥሩ ውስጥ እንዳትገባ ይከለክላል። ትግራይ ያለው ደብረ ዳሞም እንዲሁ ነው። ደሴት ላይ ሲሆን ቅጥሩ ግንብ አይደለም፤ ውኃው ራሱ ነው። እገዳው የውጭ አገር ሰው፣ ምእመን፣ ጎብኚ ብሎ አይለይም። በገንዘብም በልመናም አይላላም። አባቶቹን መጨቅጨቅ ትርፉ መተዛዘብ ነው።

የእኛ ቀን የዳነው በእንጦስ ኢየሱስ ነው። እንጦስ ከክብራን አጠገብ ነው፤ ጀልባ በደቂቃዎች ያደርሳል። የሚኖሩት መነኮሳይያት ናቸው፤ ወንድም ሴትም ይገባል። አንዲት እማሆይ ለእናቴ ሌላ ጧፍ ሰጧትና አበራች። አክስቴ ጠበል ጠጥታ፣ ዳቤ በልታ ይቅርታ አደረገችልን። ለእኔ ነው እንጂ ጉዞውን ለያዘልን ሰው ግን እስከ ዛሬ አላደረገችም።

ደብረ ማርያም፣ ዘጌ ላይ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ ደቅ ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ሁሉንም ይቀበላሉ። ወደ ጣና ቂርቆስ የምታስቡ ደግሞ የሴቶችን ነገር ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ። ባጠቃላይ ጉዞ ለሚይዝላችሁ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ዋጋ አይሁን። "እኛ እነ እገሌ ነን፤ ሁላችንም እንገባለን ወይ?" በሉት።

ውኃ ላይ ስንት ሰዓት መቀመጥ ትችላላችሁ?

ጣና ካርታ ላይ ጠብታ ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ግን ከደቡብ ጫፉ እስከ ሰሜን ጫፉ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሞጆን አልፎ እንደመሄድ ነው። ጀልባዋ ደግሞ እንደ ሚኒባስ አትከንፍም። ብስክሌት የሚሄደውን ያህል ብትሄድ ነው።

በተለመደችው ጀልባ ደብረ ማርያም፣ ክብራንና እንጦስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ናቸው። ዘጌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጣና ቂርቆስ፣ ደቅና ዳጋ ግን ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳሉ። ይህ መሄጃው ብቻ ነው። መመለሻውን ደምሩበት። ስድስት ሰዓት ጠንካራ መቀመጫ ላይ! ፈጣን ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ያሳጥሩታል፤ ነዳጁ ግን በዚያው ልክ ይጨምራል።

ሰዓቱን የሚያከብደው ሌላ ነገር ነፋስ ነው። "ለምን በጠዋት ትነዘንዙናላችሁ?" የሚል እንግዳ አይጠፋም። እናስረዳ።

ቀትር ላይ በባዶ እግራችሁ አስፋልት ብትረግጡ ያቃጥላችኋል። በዚያው ሰዓት እግራችሁን ጣና ውስጥ ብትከቱ ቀዝቃዛ ነው። ፀሐዩ አንድ ነው፤ ግን የብስ ቶሎ ይሞቃል፣ ውኃ ቀስ ይላል። የብሱ ሲሞቅ ላዩ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይነሣል። የለቀቀውን ቦታ ለመሙላት ከሐይቁ ላይ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይሮጣል። ያ ሩጫ ነፋስ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጣና መስታወት ይመስላል፤ ከቀትር በኋላ ይነሣሣል።

እዚህ ላይ የጣና ቅርጽ ይጨመርበታል። ጣና ሰፌድ ነው እንጂ እንስራ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታው ግን 15 ሜትር ገደማ ነው። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቢሰምጥ ጣሪያው ብቅ ሊል ምንም አይቀረው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ረጋ ብሎ አያወዛውዝም፤ ቶሎ ቶሎ ይደበድባል። ወገብ የሚያመው ሰው ይህን ያውቀዋል። ፊትም ልብስም ይረጥባል። ነፍሰ ጡር፣ ጉልበቷን የሚያማት እናት፣ የሚያቅለሸልሸው ልጅ ይዛችሁ ዳጋ ሄዳችሁ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ብትመለሱ ቀኑን የምታስታውሱት በገዳሙ አይሆንም።

ነጂዎቹ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ካልተነሣን የሚሉት ለዚህ ነው። ስሟቸው። ላይፍ ጃኬቱንም ልበሱት፤ መቀመጫ አታድርጉት። ሁሉም ሰው መቀመጫ ነው የሚያደርገው።

ቅርቡን ብንመርጥ ምን እናያለን?

ደብረ ማርያም ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አፍ ላይ ናት። ለትንንሽ ልጆች ከዚህ የተሻለ የለም። መንገዱ አጭር ነው፣ ዳርዳሩ ላይ ጉማሬ የመታየት ዕድሉ ጥሩ ነው፣ ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎችም ይታያሉ። ታንኳ ከደንገል የሚሠራ ነው። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ ጀልባ ይሆናል። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው። ዕድሜው አጭር ነው፤ ውኃ እየጠጣ ይከብድና ሌላ ይሠራል። እንጨት ጭኖ ሲሄድ ብታዩት ሰውዬው ውኃው ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

እዚያው ስትደርሱ አንድ ወሬ መስማታችሁ አይቀርም። "ዓባይ ጣናን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ውኃው አይቀላቀልም" ይሏችኋል። ደስ የሚል አባባል ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ግልገል ዓባይ በደቡብ ምዕራብ በኩል ይገባል። ርብ፣ ጉማራና መገጭም ከሌላ አቅጣጫ ይገባሉ። በክረምት የወንዙ ውኃ አፈር ተሸክሞ ስለሚመጣ ከገባበት ቦታ እስከ ተወሰነ ርቀት ቀለሙ ለይቶ ይታያል። ከዚያ ይቀላቀላል። ባሕር ዳር ላይ የሚወጣው የሁሉም ድምር ነው።

ዘጌ ደግሞ ለአብዛኛው ሰው የሚበቃ ነው ባይ ነኝ። ከጀልባ ወርዳችሁ በቡና ጫካ ውስጥ ትሄዳላችሁ። ቡናው እንደ ሌላው ቦታ ተደርድሮ የተተከለ ማሳ አይደለም፤ ትልልቅ ዛፎች ሥር ነው የሚበቅለው። ዘጌ አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ተክለው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ፤ ሕዝቡም በሬ ሳይጠምድ በዚያ እንዲኖር ቃል ተሰጠው ይባላል። ያ እምነት ጫካውን አቆይቶታል። ከባሕር ዳር ማዶ ስታዩት ያ ጥቁር አረንጓዴ ጉብታ እሱ ነው። መንገዱ ላይ የደንገል ታንኳ በትንሹ ሠርተው የሚሸጡ ልጆች ይከተሏችኋል። ለመመለሻ አስቀምጡት፤ ካልሆነ እስክትመለሱ ስማችሁን ይዘው ይጠብቋችኋል።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ የሚታየው ሥዕል ነው። ይህን ለማየት የክቡን ቤተ ክርስቲያን አሠራር ማወቅ ይረዳል። እንደ ሽንኩርት አስቡት። የውጨኛው ልጣጭ ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ካህናቱ የሚያሸበሽቡበት። ቀጥሎ ቅድስት ነው፤ ምእመናን የሚቆርቡበት። መሐል ላይ መቅደሱ አለ፤ ታቦቱ ያለበት፣ ከካህናት በቀር ማንም የማይገባበት። ክቡ ቤት ውስጥ ይህ መቅደስ አራት ማዕዘን ነው። ሥዕሎቹ ያሉት በዚህ አራት ማዕዘን የውጭ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከወለሉ እስከ ላይ። እየዞራችሁ ነው የምታዩት። ፊደል ላልቆጠረ ሰው መጽሐፍ ነበር። ሲዖልን የሚያሳየው ጥግ ላይ ልጆች ይቆማሉ፤ እናቶች ደግሞ ኪዳነ ምሕረት በላዔ ሰብእን ያማለደችበት ላይ። በላዔ ሰብእ ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ፣ በመጨረሻ ለጠማው ሰው ጥርኝ ውኃ በመስጠቱ የዳነ ሰው ነው። ሚዛኑ ላይ ያቺ ጥርኝ ውኃ ስትመዝን ታያላችሁ።

ጫማ ይወልቃል። ሴቶች ነጠላ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ። ፍላሽ አታብሩ።

ሩቁስ? ለዳጋና ለደቅ መልፋት ይገባል?

ወንዶች ብቻ ከሆናችሁና ቀኑን ሙሉ ካላችሁ፣ አዎ። ዳጋ ከውኃው መሐል ብቻውን የቆመ ጉብታ ነው። ወርዳችሁ በእግር ሽቅብ ትወጣላችሁ። እዚያ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ አፅም ተጠብቆ ይገኛል። ጎንደር ግንቡን አይታችሁ ከሆነ፣ የግንቡ ባለቤት እዚህ ነው።

ነገሥታት ለምን ደሴት ላይ? ውኃ ርካሽ ግንብ ስለሆነ ነው። በተለይ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ቅርስና መጻሕፍት ወደ ደሴት ይሸሹ ነበር። ጣና የአገር ካዝና ነበር ማለት ይቻላል።

ደቅ የጣና ትልቁ ደሴት ነው። ሰው ይኖርበታል፣ ይታረሳል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በምዕራብ ዳርቻው ናርጋ ሥላሴ አለ፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት። ንግሥት ያሠራችው ስለሆነ ነው መሰለኝ አክስቴ በጣም ወዳዋለች። ደቅና ዳጋ ጎረቤታሞች ናቸው። ስለዚህ ወንድና ሴት ሆናችሁ ሩቁን ካሰባችሁ፣ መላው ሴቶቹን ናርጋ፣ ወንዶቹን ዳጋ ማድረስ ነው። ነጂው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሁለት ጊዜ መመላለሱ ነዳጅ ነው።

ጣና ቂርቆስ ደግሞ የሚኬደው ለትውፊቱ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ በኩል ነው። ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት 800 ዓመት እዚያ ቆይታለች፣ እመቤታችንም በስደቷ ጊዜ ከልጇ ጋር አርፋበታለች ይባላል። በዓይን የሚታየው ጥቂት ነው። ለምእመን ግን ቦታው ራሱ ይበቃል። ለሥዕልና ለፎቶ የምትሄዱ ከሆነ ዘጌ ይሻላችኋል።

ጎርጎራስ?

ጎርጎራ የሰሜኑ ጫፍ ነው። ደብረ ሲና ማርያምና ትልቁ አዲስ ሪዞርት እዚያ ናቸው። አጠገቡ ማን እንዳባ መድኃኔዓለም የሚባል ደሴት ገዳም አለ። ስሙ ራሱ ያስኬዳል። ከባሕር ዳር ግን ሐይቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው፤ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይደለም። ማደሪያ ይዛችሁ፣ ወይም ከጎንደር በኩል ብትሄዱ ይቀላል። በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ እምቦጭ የበረታ ስለሆነ ጀልባ የሚያስቸግርበት ጊዜም አለ። አረሙ የሞተሩን ምላስ ይጠመጥመዋል።

ዋጋው እንዴት ነው የሚሰላው?

ቁጥር አልጽፍም፤ ነዳጅ ሲጨምር ይህ ጽሑፍ ውሸታም ይሆናል። አሠራሩን ልንገራችሁ።

ጀልባ የሚያዘው በኮንትራት ነው። ሁለት ብትሆኑም አሥር ብትሆኑም የጀልባው ዋጋ ብዙ አይለያይም፤ ነዳጁ ያው ነው። ስለዚህ አሥር ሆኖ ዳጋ መሄድ ሁለት ሆኖ ዘጌ ከመሄድ በነፍስ ወከፍ ሊረክስ ይችላል። ብቻውን የመጣ ሰው ሆቴሉን "የሚሄድ ቡድን አለ?" ብሎ ቢጠይቅ ያተርፋል።

ከጀልባው ውጪ የየገዳሙ መግቢያ አለ። የሚከፈለው በሰው ነው፤ በየደሴቱም እንደገና ይከፈላል። ቪዲዮ ካሜራ ለብቻው የሚያስከፍሉ አሉ። አስጎብኚም ለብቻው ነው። "ሁሉንም ያካትታል" ሲሏችሁ ሁሉም ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንድ በአንድ አስቆጥሩ። ጭቅጭቅ የሚነሣው ሁልጊዜ ደሴቱ ላይ ከተወረደ በኋላ ነው።

መቼ እንምጣ?

ከጥቅምት እስከ ጥር። ሐይቁ ከክረምቱ በኋላ ሞልቶ ይቆያል፣ ዳሩ አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ውኃው ይሸሻል፤ አንዳንድ ወደብ ላይ ጀልባው ዳር ሳይደርስ በጭቃ መውረድ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ያስቸግራል።

ንግሥ ላይ መምጣት ሌላ ጣዕም አለው። ኡራ በየካቲት 16፣ ዳጋ በጥቅምት 17፣ ክብራን በታኅሣሥ 19፣ ናርጋ በጥር 7። ያን ቀን ጀልባው ሁሉ ምእመን ይጭናል፤ ከበሮው ውኃው ላይ ይሰማል። ሥዕሉን ረጋ ብሎ ማየት ግን የለም። አንዱን ምረጡ።

መዋኘት ይቻላል?

ይቅርባችሁ። ቢልሃርዚያ አለ። ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውኃው የሚወጣ ትል ነው፤ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ሲገባ አይታወቅም። የዓባይ አፍ አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ጉማሬ በቀን የተኛ ይመስላል፤ አትመኑት። ወባም ስላለ ማታ አጎበር ይኑራችሁ።

ሌላው የጸጥታው ነገር ነው። ክልሉ ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግጭት አለ። ሐይቁ ላይ የሚኬድበትና የማይኬድበት ጊዜ ይፈራረቃል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዚህ ያለ ሰው ጋ ደውሉ። በዋዜማውም ድገሙት።

እሺ፣ ስድስት ነን፤ አንድ ቀን ብቻ አለን

የአጎቴ ልጅ ጉዳይ እንዲህ አለቀ። እሷ፣ ባሏ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አማቷ፣ ሁለት ልጆችና አንዲት ጓደኛዋ። አራት ሴት ከትልቅ እስከ ትንሽ፣ አንድ ጎልማሳ፣ አንድ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ። ዳጋና ክብራን ወዲያው ወጡ። ጣና ቂርቆስ ለልጆቹ ሩቅ ነው። ደቅን ለአማትየዋ ጉልበት ስል ተውኩት።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሣን። ሩቁን ዘጌን አስቀደምን፤ ነፋሱ ሳይነሣ እንዲያልቅ። አማትየዋ ዱላቸውን ይዘው በቡናው ውስጥ ቀስ እያሉ ወጡ። በላዔ ሰብእ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ፤ የሚጠብቃቸው ሰው እንዳለ ረሱ። ስንመለስ እንጦስን አየን። ከዚያ ጀልባ ነጂው ሳንጠይቀው ወደ ዓባይ አፍ ወሰደንና ሞተሩን አጠፋ። አንድ ጉማሬ ጆሮውን ብቻ አውጥቶ አየን። ልጁ ለሦስት ቀን ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። 7 ሰዓት ላይ የቀረሶ ዓሣ ጥብስ ፊታችን ቀርቦ ነበር፤ ሐይቁ መንጫጫት የጀመረው ገና ያኔ ነው።

ባሏ ብቻ ነው ቅር ያለው። ፋሲል ግንብን ሦስት ጊዜ አይቶ ፋሲለደስን ሳያይ መመለሱ ቆጭቶታል። ለጥቅምት 17 ጀልባ ላይ ቦታ ያዝልኝ ብሎኛል። ብቻውን ነው የሚመጣው።